የሆጤ ወፈፌዎች

ባለፈው ሰኔ ለለቅሶ ደሴ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ያሉ አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሰሞኑን እኮ ከደጃፋቸው ጉጉት ስትጮህ ነው የከረመች» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ክርክር መግጠም ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እማማ፣ ጉጉት ሰው አትገድልም። ሰውዬው ስኳር ነበረባቸው።»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጥቶ ኖሮ የድንኳኑ ግማሽ ዞሮ አየኝ። ያንን አስተያየት ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የሰፈሬ ሰው እንዲያ እያየኝ ከርሟል። አየር ልወስድ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከግቢው ጀርባ የራሰ ጽድ ይሸታል። ጽድና ጭቃ፣ ከየቤቱ የሚወጣ ብርድ ያነቀው የእንጨት ጭስ። ያ ዓመት እንዳለ ከፊቴ መጥቶ ቆመ።

አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሆጤ ነው። አባቴ ሙሄ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ሰዓዳ ደግሞ የሰፈሩን ሕጻናት ጓዳችን ሰብስባ ቁርአን ታስቀራ ነበር። ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ የሺ አባቴን በልጅነቱ ሳይንስ ያስተማሩት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከጥቂት የድሮ ባልደረቦቻቸውና ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆነው አንድ ክበብ አቋቋሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስበው፣ ራሳቸው እየመሩ፣ ወፍ ለማየት ተራራና ሜዳውን ያዞራሉ። የሟች ባላቸውን ካፖርት ደርበው፣ ቡትስ ተጫምተው፣ ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲወጡ ከሩቅ ለሚያያቸው ወታደር ይመስሉ ነበር።

እኔ «ክበብ» ሲባል ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት ክብ ነበር የመሰለኝ። እትዬ የሺ አባቴን «ሀያትን የወፍ ክበባችን ውስጥ ላስገባት» ሲሉት፣ ወፉን መሐል አድርገን እንከብበውና እንይዘዋለን ብዬ ነው የተረዳሁት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚያጠራቅምበትን ከረጢት ይዤ ሄድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ እትዬ የሺ።

«የያዝነውን መክተቻ።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «እኛ አንይዝም፣ ልጄ። እናያለን» አሉ።

«ማየት ብቻ?»

«ማየት ብቻ። ሞክሪው፤ ቀላል እንዳይመስልሽ።»

እውነትም ቀላል አልነበረም። አፍ ዘግቶ መቆም ነበረው። ብርዱ ጣት እየቆረጠ አለመንቀሳቀስ ነበረው። ባይኖኩላሩን መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ያደረግሁት ቀን የታየኝ የራሴ ሽፋሽፍት ነው። «ጥቁር ወፍ አየሁ!» ብዬ ጮህኩ። የባጃጅ ሾፌሩ ሰይድ፣ ከአባሎቹ ሁሉ ሳቅ የሚቀናው እሱ ነበር፣ ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

መስከረም ላይ ነው፣ አንድ አርብ እትዬ የሺ በአጥራችን በኩል ብቅ ብለው «ነገ ገራዶ እንወርዳለን፤ እንግዶቻችን ገብተዋል። ከባሕር ማዶ ነው የመጡት» አሉኝ። በነጋታው የዒድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጭ ካልሲ አድርጌ ወጣሁ። ገራዶ ሜዳው ጭቃ ነበር። ከአደይ አበባው መሐል እየተራመድን ነጭ ካልሲዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቡና መሰለ። እንግዶቹ ግን የሉም። ቆይቼ ቆይቼ «እንግዶቹ የት አሉ?» አልኩ።

እትዬ የሺ የመብራት ሽቦውን አሳዩኝ። ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንንሽ ወፎች ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ናቸው። አገራቸው ብርድ ሲገባ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። በጋውን ከርመው ይመለሳሉ።»

የእናቴ ወንድም ያን ጊዜ ቪዛ እየጠበቀ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረም። «ቪዛ ማን ሰጣቸው?» አልኩ።

«እሱን ሰውዬ ካገኘሽልኝ» አለ ሰይድ፣ «ወላሂ ባጃጇን ላንቺ ትቼልሽ ነው የምበር።»

ኅዳር ላይ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሰይድ የወንድሙን ሚኒባስ ለምኖ አመጣ። የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ የደነቆርኩ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር እያለቀስኩ ነው የደረስኩት። ቦርከና ወንዝ ዳር ስንወርድ ጆሮዬ ጧ ብሎ ተከፈተ፤ ሜዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ውሃው ዳር ረጃጅም ሽመላዎች አንድ እግራቸውን አጥፈው ቆመዋል። አንድ እግር ብቻ ያላቸው ፍጥረቶች መስለውኝ አዘንኩላቸው። አንዱ ሌላኛውን እግሩን አውርዶ ሲራመድ ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ።

የደሴ ሰው ግን ስለ እኛ ያወራ ነበር። ጎልማሳ ሰው ሥራ ትቶ ወፍ ሲከተል ምን ይባላል? የተባለው «ወፈፌዎች» ነው። ማለዳ በፒያሳ ስናልፍ አንድ ባለሱቅ በሩን እየከፈተ «ወፈፌዎቹ መጡ!» እያለ ሰው ይጠራብን ነበር። አንድ ቀን እትዬ የሺ ቆሙ። ባይኖኩላራቸውን አነሱና ሰውዬውን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ቀስ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ገራዶ ላይ ሲያስተምሩን በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ፣ «ይሄኛው አይሰደድም። በጋም ክረምትም ከዚሁ ደጃፍ ላይ ነው» አሉ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልጠራንም። እኔ ግን ስሙን ወደድኩት። ትምህርት ቤት ልጆች ወፈፌ ሲሉኝ «አዎ ነኝ» እላቸው ጀመር። አዎ ያሉትን ስድብ ማንም ደግሞ አይሰድብበትም።

ጥር ሲገባ እናቴ ከበዳት። ነፍሰ ጡር መሆኗን አውቅ ነበር፤ ሆዷ ላይ እጄን አስቀምጣ ሲራገጥ አሳይታኛለች። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ከድጃ፣ ልታግዛት ከገጠር መጣች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ንጋት ላይ ከሁሉም ቀድማ የምትነሣ ሴት ናት። ቤቱን በመጣች ማግስት እንደ አዲስ ጠረገችው። እናቴን ውሃ እንኳ አታስነሣትም ነበር። እኔን ግን ቅዳሜ ስወጣ በዓይኗ ትከተለኛለች።

«ሴት ልጅ ኸወንድ ጋር ተራራ ለተራራ፣ ወፍ ስታይ ልትውል?» አለችው አባቴን።

«እትዬ የሺ አሉ እኮ፣ እህቴ» አለ አባቴ። አስተማሪውን እምቢ ማለት እስከ ዛሬ አልተማረም፤ ሲያናግራቸውም ቆሞ ነው።

ጓሯችን ውስጥ አሮጌ ወይራ ነበረን፤ ግንዱ መሐሉ ተቦርቡሮ ባዶ የሆነ። አንድ ቀን ሲመሻሽ፣ ወደ መግሪብ ግድም፣ ልብስ ላስገባ ስወጣ ከዚያ ባዶ ውስጥ አንድ ፊት አየኝ። እንደ ሰፌድ ክብ ነው። ዓይኖቹ የሰው ይመስላሉ፣ ዝቅ ብለው የሚያዩ፣ የሚታዘቡ ዓይኖች። ከዚያ ያ ፊት ክንፍ አወጣና ያለ አንዳች ድምፅ በራሴ ላይ አለፈ። ይህ ነው የገረመኝ፤ እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር ሲበር የጨርቅ ያህል እንኳ አይሰማም።

በነጋታው ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ማታውን መጡ። ሁለታችን በርጩማ ይዘን ጓሮው ጥግ ተቀመጥን። ጨለም ሲል ጉጉቷ ከጉድጓዷ ወጥታ ቅርንጫፉ ላይ ቆመችና ጮኸች። እትዬ የሺ እጄን ጭምቅ አደረጉት።

«ምን አለች?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ባሏን ነው የምትጠራው። ‹እዚህ ነኝ፣ ና› ነው የምትለው።»

ከሩቅ፣ ከላይ ከባሕር ዛፉ በኩል፣ ሌላ ድምፅ መለሰ። ከትዳር ጭቅጭቅ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ አፈርኩ።

ያኔ የጓዳው በር ተከፈተ። አክስቴ ከድጃ ነበረች።

«ኸረ በአላህ! ጉጉት ኸፊታችሁ አስቀምጣችሁ ታወራላችሁ?»

«ወይዘሮ ከድጃ፣ ወፍ ናት እኮ» አሉ እትዬ የሺ።

«ወፍ አይደለችም! የቤቱን ሰው እየቆጠረች ናት። ሁለት ነፍስ የተሸከመች ሴት ተኝታ!» ድንጋይ አንሥታ ወደ ወይራው ወረወረች። ጉጉቷ ሄደች። አክስቴ ግን እየተንቀጠቀጠች ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ የተናደደች ነበር የመሰለኝ። ፍርሃት መሆኑን የልጅ ዓይኔ አላየውም።

እኔ ደግሞ «ሁለት ነፍስ» ያለችውን ይዤ ገባሁ። እናቴ ሁለት ነፍስ ካላት፣ ጉጉቷ እውነት ነፍስ የምትወስድ ብትሆን እንኳ አንዱን ወስዳ አንዱ ይተርፋታል ብዬ አሰብኩ። ይህን አስቤ ተጽናናሁ፤ ተኛሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እናቴን ምጥ ያዛት። ቀን ነበር፣ ከዙሁር ሶላት በፊት። ሰይድ ባጃጁን ደጃፍ ድረስ አመጣ፣ አባቴና አክስቴ ሆስፒታል ሊወስዷት ደግፈው አስገቧት። እናቴ በባጃጁ ሸራ መሐል እጇን አውጥታ «አብሽሪ፣ ሀያቴ! ነገ ወንድም ይዤልሽ እመጣለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ያለ እናቴ መጣ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ደረቱ ላይ ነጭ ጥቅል ታቅፏል፣ የተጠቀለለው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሕይወቴ ሙሉ የተጠቀለለ ጨርቅ ታቅፎ አይቼዋለሁ። ለደንበኛ የሚያደርሰው ሥራ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ለማን ነው?» አልኩት።

አላየኝም። ከኋላው የመጡት የሰፈር ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት፤ በቀስታ፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ መቃብሩ በኩል ወጡ። ጥቅሉ ወንድሜ እንደነበር የነገረኝ ማታ ራሱ አባቴ ነው። አጠገቡ አስቀምጦኝ፣ ሐኪሙ እንዳለው እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር፣ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። «የማንም ጥፋት አይደለም» አለኝ። አባቴ ይህን በራሱ አፍ ነው ያለው። ያዝኩበት።

እናቴ ወደ ቤት ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ሰው ለማጽናናት መግባት ጀመረ። እያንዳንዱ ሲገባ አክስቴ በዝቅተኛ ድምፅ ያንኑ ትነግረዋለች፤ ጉጉቷን፣ ወይራውን፣ እኔንና እትዬ የሺን በርጩማ ይዘን የተቀመጥንበትን ማታ። ወሬው ከቤታችን ወጥቶ ሆጤን እስኪዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ ውሃ ሳቀርብላቸው ብርጭቆውን ተቀብለው እኔን ያዩኛል። አንዷ «ገደ ጥቁር ናት» ስትል ሰማሁ። ስለ ጉጉቷ ነው ወይስ ስለ እኔ፣ አልገባኝም። አልጠየቅሁም።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያስተዛዝኑ መጡ። አክስቴ ከበር አላሳለፈቻቸውም።

«ይመለሱ። ወፍዎን ይዘው ይመለሱ።»

ለቅሶ የመጣ ሰው ከደጅ ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አላየሁ። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ቤት ካልገባሁ እዚሁ እደርሳለሁ» አሉ እትዬ የሺ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚገባው ሰው እየዘለላቸው ገባ። የሚወጣው እየዘለላቸው ወጣ። ደመናው ወርዶ ካፊያ ጣለ፤ ነጠላቸው ራሳቸው ላይ ተለጠፈ፤ አልተነሡም። ሰይድ ባጃጁን እዚያው አቁሞ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ እዚያው ነበሩ። በነጋታውም መጡ። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር፣ መውጣት ተከልክዬ።

ከቀናት በኋላ፣ ሰው መምጣቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ አክስቴ አባቴን ጓሮ ጠራችው።

«ሙሄ፣ ያችን ወይራ ዛሬ ካልጣልካት እዚህ ቤት አላድርም። ጉድጓዷን በጭስ አፍንና ኸነጫጩቷ ትውጣ።»

አባቴ ፋሱን አመጣ። ሲያነሣው ሳየው ሮጬ ሄጄ ጀርባዬን ለግንዱ ሰጠሁ።

«ዞር በይ፣ ሀያት።»

«አልዞርም።»

«ዞር በይ አልኩሽ!»

«ጉጉቷ አይደለችም! የማንም ጥፋት አይደለም ያልከኝ አንተ ነህ። በራስህ አፍ ነው ያልከኝ!»

አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር። ጥፍሬ የወይራው ቅርፊት ውስጥ ገብቷል፣ አልተንቀሳቀስኩም። አባቴም ፋሱን እንደያዘ አልተንቀሳቀሰም። ዛሬ ሳስበው ጉጉት ገደለችው ብሎ አላመነም፤ የሚመታው ነገር ነው ያጣው።

«ምን ትጠብቃለህ? ልጅ ናት፣ ገለል አድርጋት!» አለች አክስቴ።

«ሙሄ።»

ሁላችንም ዞርን። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ከሆስፒታል ከመጣች ጀምሮ ከመኝታዋ አልወጣችም ነበር። ጋቢው ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል፤ ከንፈሯ ነጭ ነው።

«ፋሱን አስቀምጥ» አለች።

«ሰዓዳ፣ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል…»

«አስቀምጥ አልኩህ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ልጄን ወፍ አልገደለብኝም። ልጄን አላህ ሰጠኝ፣ አላህ ወሰደው። በወፍ ጩኸት ገድ ማየት በዲናችን ሀራም እንደሆነ እዚሁ ቤት ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ። ነገ ምን ብዬ ፊታቸው ልቀመጥ? እኔ ላይ ሲደርስ ጊዜ ካድኩት ልበል?»

አክስቴ ከድጃ ወደ እናቴ አንድ እርምጃ ሄደች። ድምፅዋ ተለወጠ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

«አንቺ አልሰማሻትም፣ ሰዓዳ። እኔ ሰምቻታለሁ። ልጆቼን በቀበርኩ ቁጥር፣ ሁልጊዜ፣ ቀድማ ትጮህ ነበር። ዝም አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ባባረርኳት እያልኩ ነው የምኖረው።»

አክስቴ ልጆች እንደነበሯት አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ማንም ተናግሮት አያውቅም። እናቴ ግድግዳውን ለቀቀች፤ ልትወድቅ ነው ብዬ ልይዛት ስሮጥ አልወደቀችም፤ ሄዳ አክስቴን አቀፈቻት።

«ወፏ አልገደለቻቸውም፣ እህቴ» አለቻት። «አንቺም አልገደልሻቸውም። ስሚኝ። አንቺም አልገደልሻቸውም።»

አክስቴ ከድጃ በእናቴ ትከሻ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰች። አባቴ ፋሱን መሬት ላይ አስቀምጦ እዚያው ቁጢጥ አለ።

እናቴ ወደ መኝታዋ ስንመልሳት «እትዬ የሺ ምነው ቀሩብኝ?» አለች። እኔ መለስኩላት። በሩን፣ ድንጋዩን፣ ካፊያውን፣ ሰይድን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አክስቴ አጠገባችን ነበረች፤ ሻሿን አፏ ላይ ጎተተች።

«ሂጂ ጥሪያቸው» አለች እናቴ። «በዚሁ በር ይግቡ።»

ገቡ። እናቴ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ። እናቴ «እትዬ፣ ለመሆኑ ያች ጉጉት ምን ነበር የምትለው?» አለቻቸው።

«ባሏን ነበር የምትጠራው። ና ግባ፣ መሸ፣ ነው የምትለው።»

እናቴ ሳቀች። መሐል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፤ ግን ቀድሞ የመጣው ሳቅ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አክስቴ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ። ወደ ጓሮው ግን ዞራ አላየችም፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

ሰፈሩ እንደ እናቴ አልነበረም። ከእኔ ሌላ የነበሩትን ጥቂት ልጆች ቤተሰቦቻቸው ከክበቡ አስወጧቸው። ከትልልቆቹም አንዳንዶቹ «ሰሞኑን አይመቸኝም» ማለት አመጡ። መጋቢት ላይ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሺ በር ላይ ስንሰባሰብ እሳቸው፣ ሰይድና እኔ ብቻ የቀረንበት ቀን ነበር። እትዬ የሺ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አይተው «እንግዲህ ሞልተናል፤ እንሂድ» አሉ። ጦሳ ተራራ ላይ ወጣን። ጉም ከተማውን ውጦት ነበር፤ ሦስታችን ከጉሙ በላይ ቆመን አንዲት ወፍ እንኳ ሳናይ ተመለስን። እትዬ የሺ ቁልቁለቱን ስንወርድ «ያላየንበትም ቀን ይቆጠራል» አሉ።

እናቴ አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ በደንብ ከያዘ ወዲህ፣ አንድ አርብ ማታ «ነገ እኔም እሄዳለሁ» አለች። አባቴ የያዘው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

«የት?»

«ኮምቦልቻ። ከወፈፌዎቹ ጋር።»

አባቴ ብዙ አሰበ። «እንግዲያው በጓሮ በኩል ባለችው መንገድ ውጡ፤ ሰው ሳያይ» አለ።

«በጓሮ? ምን ሰርቄ ነው በጓሮ የምወጣው?»

በፊት ለፊት ወጣን። አንገት ላንገት የተያያዙት የሆጤ ሱቆች ገና መከፈታቸው ነው፤ ዳቦ የሚገዛው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ነበር። እናቴ የመንገዱን መሐል ይዛ ሄደች። ጥቁር ሻሿን አስራለች፤ እግሯ ላይ የአባቴ ቡትስ ነው። በለቅሶው ሰሞን «ገደ ጥቁር ናት» ያለችው ሴትዮ ከሱቅ በር ላይ፣ እንድንሰማው አድርጋ፣ «ጉድ እኮ ነው! ልጇን ቀብራ ወፍ ልታይ!» አለች።

እናቴ ቆመች። እትዬ የሺ ክንዷን ያዝ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«አዎ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ መንገዱ ግን ሁሉ ሰማት። «ልጄን ቀብሬ ወፍ ላይ ነው። ልጄን ቀብሬ እበላለሁ፣ ልጄን ቀብሬ እስቃለሁ፣ ነገም ልጆችሽን አስቀራለሁ። ላኪያቸው።»

ሴትዮዋ ወደ ሱቁ ገባች። እኛም የሰይድ ወንድም ሚኒባስ ወደ ቆመበት ሄድን።

ቦርከና ዳር ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከብቶች ተሰማርተዋል። እትዬ የሺ ባይኖኩላሩን ከአንገታቸው አውጥተው ለእናቴ ሰጧት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላገኘችም፤ ሰማዩን፣ ዛፉን፣ የሰይድን ጀርባ አየች። ከዚያ ሜዳው መሐል የሆነ ነገር ጩኸቱን አቀለጠው። ከእርግብ ብዙም የማትበልጥ፣ እግሯ ቀጭን፣ ደረቷ ጥቁርና ነጭ የሆነች ወፍ አንድ ትልቅ በሬ ፊት ቆማለች። ክንፏን ዘርግታ ትጮህበታለች። በሬው ሊረግጣት አንድ እርምጃ ቀርቶታል። አልሸሸችም።

«ምን ሆና ነው?» አለች እናቴ፣ ባይኖኩላሩን ከዓይኗ ሳታነሣ።

«መሬት ላይ ነው የምትጥለው» አሉ እትዬ የሺ። ትንሽ ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «እንቁላል ይኖራታል» አሉ።

በሬው አንገቱን ነቀነቀ፣ ወፏን አሸተተ፣ ከዚያ ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ። ወፏ ክንፏን አጥፋ ወደ ሣሩ ውስጥ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ አልታየችም። እናቴ ግን ባይኖኩላሩን አላወረደችም። ከሥሩ እንባ በጉንጯ ይወርዳል፣ ከአገጯ ላይ ወደ ሻሿ ይንጠባጠባል። ሰይድ ፊቱን አዞረ። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ቆምኩ።

ሲበቃት ባይኖኩላሩን አወረደች፣ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፣ አፍንጫዋን ሳበች።

«ቀጥሎስ ወዴት ነው?» አለች።

እትዬ የሺ በጣታቸው ወንዙን አሳዩዋት። እናቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በአባቴ ቡትስ ጭቃውን እየረገጠች ከሁላችንም ቀደመች። ባይኖኩላሩን ግን አልመለሰችላቸውም።